ኦንታሪዮ የድንጋይ ከሰልን የዘጋችበት መንገድ፦ የአንድ ክፍለ ግዛት የኃይል ፖሊሲ ጥናት

በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ሰዎች የኤሌክትሪክ ሂሳባቸውን «ሃይድሮ ቢል» ይሉታል። እኛ ኤሌክትሪክን ሁሉ «መብራት» እንደምንለው፣ እነሱም ከናያግራ ፏፏቴ በመነጨው ኃይል ስም የግዛቲቱን ኤሌክትሪክ በሙሉ ይጠሩታል። ስሙ ግን ከእውነታው ጋር ከተራራቀ ቆይቷል። በ2003 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከግዛቲቱ ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉ የሚመነጨው ከድንጋይ ከሰል ነበር። በሚያዝያ 2014 ተንደር ቤይ በሚገኘው ጣቢያ የመጨረሻው ከሰል ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ግን ድርሻው ዜሮ ሆነ። በከሰል ላይ ይህን ያህል ተመርኩዞ የኖረ የክልል መንግሥት በሰሜን አሜሪካ ሙሉ በሙሉ ሲያቆም ኦንታሪዮ የመጀመሪያዋ ናት።

ይህ ጥናት ከሰሉ እንዴት እንደተዘጋ ብቻ ሳይሆን፣ ያው መንግሥት በዚያው ዘመን ካወጣቸው የኃይልና የአየር ንብረት ሕጎች መካከል የከሰሉ መዘጋት ብቻ ጸንቶ ሌሎቹ ለምን እንደተሻሩ ይመረምራል። የታዳሽ ኃይል ሕጉ ተሽሯል፤ የካርቦን ገበያው (ፋብሪካዎችና ኩባንያዎች የልቀት ፈቃድ የሚገዙበትና የሚሸጡበት ሥርዓት) ፈርሷል፤ ከሰሉን ልመልስ ብሎ የተነሳ መንግሥት ግን እስካሁን የለም።

በቅድሚያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ኃይል የማመንጨቱ ሥራ በዋናነት በፌዴራሉ መንግሥት ተቋም እጅ ሲሆን፣ በካናዳ ሕገ መንግሥት ግን የኤሌክትሪክ ማመንጨት ጉዳይ የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ነው። ስለዚህ ኦንታሪዮ አምስቱን የከሰል ጣቢያዎቿን ለመዝጋት የኦታዋን፣ ማለትም የፌዴራሉን መንግሥት፣ ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለጋትም። በዚያ ላይ ጣቢያዎቹ «ኦንታሪዮ ፓወር ጄኔሬሽን» የተባለው የግዛቲቱ መንግሥት ኩባንያ ንብረት ነበሩ። ይህ ነጥብ በብዙ ጽሑፎች ላይ ቸል ይባላል፤ በእኔ ግምት ግን የጉዳዩ ዋና ማጠፊያ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የአልበርታ ክፍለ ግዛት በ2016 የከሰል ጣቢያዎቿን ቀድማ ለማዘጋት በወሰነች ጊዜ ጣቢያዎቹ የግል ስለነበሩ ለባለቤቶቹ በ14 ዓመት ውስጥ ወደ 1.36 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማምታለች። ኦንታሪዮ ንብረቱ የራሷ በመሆኑ እንዲህ ያለ ካሣ የሚጠይቃት አልነበረም።

ግዛቲቱ በከሰል ላይ ይህን ያህል ልትመረኮዝ የቻለችው በኑክሌር ችግሯ ምክንያት ነው። በ1997 የቀድሞው የመንግሥት ኃይል ድርጅት ኦንታሪዮ ሃይድሮ በጥገናና በአስተዳደር ጉድለት ምክንያት ሰባት የኑክሌር ማብለያዎችን፣ ማለትም በፒከሪንግ አራቱንና በብሩስ ሦስቱን፣ ለማቆም ወሰነ። ከኔትወርኩ የወጣው ከ4,000 ሜጋዋት በላይ ኃይል በአንድ ጀንበር የሚተካ አልነበረም፤ ክፍተቱን የሸፈኑት ጊዜው ያለፈባቸው የከሰል ምድጃዎች ነበሩ። ከ1995 አንስቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከሰል ጣቢያዎቹ የሚወጣው ጭስ ከእጥፍ በላይ አደገ። በኤሪ ሐይቅ ዳር ያለው ናንቲኮክ ስምንት የማመንጫ ክፍሎች ያሉትና ወደ 4,000 ሜጋዋት የሚደርስ ጣቢያ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ከነበሩት ግዙፍ የከሰል ጣቢያዎች አንዱ ነበር።

ጭሱ ከሰው ሳንባ ጋር የተገናኘው በዚህ ጊዜ ነው። በበጋ ወራት በደቡብ ኦንታሪዮ ሰማይ ላይ ስሞግ የሚባለው፣ ጭጋግ የሚመስል የተበከለ አየር ይጋርድ ነበር። በ2005 ብቻ የስሞግ ማስጠንቀቂያ የተሰጠባቸው ቀናት 53 ነበሩ፤ አስም ያለባቸው ልጆችና አረጋውያን ከቤት እንዳይወጡ ይመከሩ ነበር። የኦንታሪዮ ሐኪሞች ማኅበር በ2000 ባወጣው ግምት የአየር ብክለት በጠቅላላው በየዓመቱ ለ1,900 ሰዎች ያህል ያለ ጊዜያቸው መሞት ምክንያት ይሆናል ብሎ ነበር። በ1997 የተቋቋመው የኦንታሪዮ ንጹሕ አየር ጥምረትም ሐኪሞችን፣ የከተማ ምክር ቤቶችንና የአካባቢ ተቆርቋሪዎችን አሰባስቦ ጥያቄውን «ከሰል ይዘጋ» ወደሚል አንድ ሐሳብ አጠበበው። ከተቃዋሚዎቹ ወገን ደግሞ ሁለት ጠንካራ መከራከሪያዎች ይቀርቡ ነበር። አንደኛው ከስሞጉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በነፋስ ተገፍቶ ከአሜሪካ ኦሃዮ ሸለቆ የሚመጣ ስለሆነ የራስን ጣቢያ መዝጋት ብዙ አይለውጥም የሚል ነው። ሁለተኛው በሠራተኞቹ ማኅበር ዘንድ ይቀርብ የነበረው፣ ጣቢያዎቹን ከመዝጋት ይልቅ ጭስ ማጣሪያ ማስገጠም ይሻላል የሚል ነው። ሁለቱም ክርክሮች መሠረት ነበራቸው፤ ነገር ግን የጭስ ማጣሪያው ድኝንና ብናኝን እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አያስቀርም፤ ጎረቤትንም ጭስህን አቁም ለማለት የራስን ጭስ ማቆም ይቀድማል።

ሥራው የተጀመረው በኋላ ከሰሉን ዘግቶ በጨረሰው በሊበራል ፓርቲ ብቻ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። በ2001 የፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ መንግሥት የአካባቢ ሚኒስትር የነበሩት ኤሊዛቤት ዊትመር በሚሲሳጋ የሚገኘው የሌክቪው ጣቢያ በሚያዝያ 2005 ከሰል ማቃጠሉን እንዲያቆም የሚያስገድድ ደንብ አወጡ። ጣቢያው በተባለው ጊዜ ተዘጋ፤ «አራቱ እህትማማቾች» ይባሉ የነበሩት ረጃጅም የጭስ ማውጫዎቹም በሰኔ 2006 ፈረሱ። ከሰል መዝጋት የአንድ ፓርቲ አጀንዳ ብቻ ሳይሆን መጀመሩ በኋላ ለመጽናቱ ከጠቀሙት ነገሮች አንዱ ነው።

ነሐሴ 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያዳረሰ የመብራት መጥፋት ደረሰ። ምርጫው ጥቅምት 2 ቀን ተካሄደ። ያሸነፉት ሊበራሎች፣ በመሪያቸው በዳልተን ማክጊንቲ አፍ፣ ከሰልን በ2007 እንዘጋለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩት አምስት ጣቢያዎችና 19 ክፍሎች በጠቅላላው ወደ 7,500 ሜጋዋት የሚሆን አቅም ነበራቸው። ይህን ሁሉ በአራት ዓመት መተካት የማይቻል መሆኑን የሥርዓቱ መሐንዲሶች ያውቁ ነበር፤ በእርግጥም ቀኑ በ2005 ወደ 2009 ተገፋ፤ በ2006 ደግሞ ያም ቀረ። ቀኑ ሁለት ጊዜ መገፋቱ ብዙ ትችት አስነሥቷል፤ ተስፋ የቆረጡ ሰዎችም በዙ።

በእኔ እይታ ግን ጉዳዩን የወሰነው የመጀመሪያው ቀን መሳሳት ሳይሆን በኋላ የተወሰደው እርምጃ ነው። በነሐሴ 2007 መንግሥት የቀሩት አራት ጣቢያዎች ከታኅሣሥ 31 ቀን 2014 በኋላ ከሰል እንዳያቃጥሉ የሚከለክል ደንብ አወጣ። የምርጫ ቃል ወደ ሕግ ተለወጠ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ለመግፋት የሚፈልግ ሁሉ ደንቡን በይፋ መለወጥና ለምን እንደለወጠ ለሕዝብ ማስረዳት ነበረበት። ስለ ክፍለ ግዛቶች የአየር ንብረት ዕቅድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው፤ የ2030 እና የ2050 ግቦች ይታወጃሉ፤ አንድን ጣቢያ በስም ጠርቶ፣ በአንድ ቀን ላይ፣ ይህን ነዳጅ አታቃጥል የሚል ደንብ ግን እምብዛም አይወጣም።

ለዚህ ውሳኔ የሂሳብ መሠረት የሆነው በ2005 የኃይል ሚኒስቴር ያሠራው ጥናት ነው። ጥናቱ ከሰል ርካሽ ነው የሚለውን እምነት ነካው። ከሰል ለማመንጨት ብቻ የሚወጣው ወጪ በሜጋዋት ሰዓት 37 ዶላር ሲሆን፣ የጤናና የአካባቢ ጉዳቱ ሲደመርበት ግን 164 ዶላር ይደርሳል ይላል። የከሰል ጭስ በዓመት ለ668 ሰዎች ያለ ጊዜ መሞት፣ ለ928 የሆስፒታል መግባትና ከ333,000 በላይ ለሆኑ ቀላል ሕመሞች ምክንያት እንደሚሆን ገምቶ፣ ጠቅላላ ዓመታዊ ኪሣራውን 4.4 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል። እንዲህ ያሉ አሃዞች በሞዴል የሚሰሉ ግምቶች ስለሆኑ ባለሙያዎች ተከራክረውባቸዋል። ቢሆንም ጥያቄውን ከአየር ንብረት ስምምነቶች ሰነድ አውጥተው ወደ ቤተሰብ ጓዳ ያመጡት እነሱ ናቸው። ልጁ በሌሊት ትንፋሽ ያጠረው ወላጅ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንም ባይሰማ እንኳ ይህን ቁጥር ይረዳል።

ከሰሉን በትክክል የተካው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ከሁለቱም ወገን ብዙ ማጋነን አለ። ትልቁን ሸክም የተሸከመው ኑክሌር ነው። ከቆሙት ማብለያዎች አብዛኞቹ ተጠግነው ተመለሱ፦ ከፒከሪንግ ሁለቱ በ2003 እና በ2005፣ ከብሩስ ሁለቱ በ2003 መጨረሻና በ2004 መጀመሪያ፣ ሌሎቹ ሁለት የብሩስ ክፍሎች (አንዱ ከ1997 ቀደም ብሎ የቆመ ነው) ደግሞ ወደ 1,500 ሜጋዋት ይዘው በ2012 መኸር። በ2014 ከግዛቲቱ ኤሌክትሪክ 60 በመቶ ያህሉ ከኑክሌር፣ ሩብ ገደማው ከውኃ የሚመጣ ነበር። ሁለተኛው ተተኪ የተፈጥሮ ጋዝ ሲሆን፣ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ አዲስ አቅም ተገነባ፤ ጋዝ ፍላጎት በሚበዛበት ሰዓት ፈጥኖ ስለሚነሳ ከሰሉ ይሠራው የነበረውን የማመጣጠን ሥራ ተረከበ። ነፋስና ፀሐይ ገና በማደግ ላይ ስለነበሩ በ2014 ድርሻቸው ትንሽ ነበር። አራተኛው ሰው የሚረሳው ነው፦ የፍላጎት መቀነስ። በ2005 157 ቴራዋት ሰዓት የነበረው የግዛቲቱ ፍላጎት በ2014 ወደ 140 ወርዷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስና የፋብሪካዎች መዘጋት ነው፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ሌላው ምክንያት የቁጠባ ፕሮግራሞቹና በየቤቱ የተተከሉት ዘመናዊ ቆጣሪዎች ናቸው። እነዚህ ቆጣሪዎች እንደ ሰዓቱ የሚለያይ ዋጋ ስለሚያስከፍሉ፣ ልብስ ማጠብን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ማድረግ በኦንታሪዮ፣ ቶሮንቶና አካባቢዋ ያለውን ብዙ ሐበሻ ጨምሮ፣ የብዙ ቤተሰብ ልማድ ሆኗል።

መዘጋቱ በአንድ ቀን የተፈጸመ አልነበረም፤ ክፍል በክፍል ነው። በ2010 ከናንቲኮክ ሁለት፣ ከላምብተን ሁለት ክፍሎች ቆሙ፤ በ2011 ናንቲኮክ ሁለት ተጨማሪ አጣ፤ ላምብተን በመስከረም 2013፣ ናንቲኮክ በዓመቱ መጨረሻ ከሰል ማቃጠላቸውን አቆሙ። በሰሜን ምዕራብ ያለው አቲኮካን ከሰሉን በ2012 አቁሞ፣ ተቀይሮ በ2014 በእንጨት ተረፈ ምርት መሥራት ጀመረ። በዚህ መልክ ሂደቱ ሕጉ ካስቀመጠው ቀን ወራት ቀድሞ ተጠናቀቀ። መንግሥት በራሱ ስሌት በዓመት እስከ 30 ሚሊዮን ቶን የሙቀት አማቂ ጋዝ ቀርቷል ይላል፤ ይህም ሰባት ሚሊዮን መኪኖችን ከመንገድ እንደ ማስወገድ ነው። በዚያው በ2014 ዓመት አንድም የስሞግ ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም። የአሜሪካ ጣቢያዎችም በዚሁ ጊዜ ጭሳቸውን ስለቀነሱ ምስጋናው ሁሉ የኦንታሪዮ አይደለም፤ ከ53 ቀን ወደ ዜሮ መውረዱ ግን በዓይን የሚታይ፣ በአፍንጫ የሚሸተት ለውጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የጉዳዩ ክፍል አሳዛኝ ነው። መንግሥት ከሰልን ከመዝጋት ጎን ለጎን በ2009 የአረንጓዴ ኃይል ሕግ አውጥቶ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚመነጭ ኃይልን በተወሰነ ዋጋ ለ20 ዓመት ለመግዛት የሚያስችል ውል አቀረበ። ለነፋስ የተቆረጠው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 13.5 ሳንቲም፣ በጣሪያ ላይ ለሚተከል አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ደግሞ 80.2 ሳንቲም ነበር። ይህ የመጨረሻው ዋጋ ከሌላው ምንጭ ጋር ሲወዳደር እጅግ ከፍተኛ ነው፤ የፀሐይ ፓነል ዋጋ በዓለም ገበያ በፍጥነት እየወረደ ባለበት ዓመት ለ20 ዓመት በውል ተቆለፈ። በ2010 ከሳምሰንግ መራሹ የኮሪያ ጥምረት ጋር 2,500 ሜጋዋት የሚሸፍን የ7 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ። መሣሪያዎቹ በከፊል በኦንታሪዮ ውስጥ እንዲሠሩ የሚያስገድደውን አንቀጽ ጃፓንና የአውሮፓ ኅብረት ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ወስደው፣ በግንቦት 2013 የይግባኝ አካሉ የንግድ ሕግን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። የሥራ ዕድል የመፍጠሩ ተስፋ በዚህ መልክ ተሰነጠቀ።

ከዋጋው የባሰው ግን የአሠራሩ ጉዳይ ይመስለኛል። ሕጉ የአካባቢ ምክር ቤቶች የነፋስ ተርባይን የት ይተከል በሚለው ላይ የነበራቸውን ሥልጣን ወሰደባቸው። በገጠር ያሉ ብዙ ወረዳዎች ነገሩን ሳይጠየቁ የተጫነባቸው አድርገው ቆጠሩት፤ በርካታ ምክር ቤቶችም በመሬታችን ላይ አንፈልግም የሚል ውሳኔ አሳለፉ። ሊበራሎች በ2011 ምርጫ የገጠር ወንበሮቻቸውን አጥተው ከ107 ወንበር 53 ብቻ ይዘው ቀሩ። ነዋሪዎች በተቃወሟቸው በኦክቪልና በሚሲሳጋ ደግሞ ሁለት የጋዝ ጣቢያዎች ተሠርዘው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ የሚሲሳጋው የተሠረዘው በምርጫው ዋዜማ ነው። የግዛቲቱ ዋና ኦዲተር በኋላ የሁለቱን ወጪ እስከ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገምታለች። ማክጊንቲ በጥቅምት 2012 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።

የኤሌክትሪክ ገበያው ዋጋ በወረደ ቁጥር በውል ከተቆረጠው ዋጋ ጋር ያለው ልዩነት በሂሳብ ላይ ይጨመራል። ይህ ተጨማሪ ክፍያ «ግሎባል አጀስትመንት» ይባላል። ኦዲተሯ በ2015 ባቀረበችው ሪፖርት ከ2006 እስከ 2014 ደንበኞች በዚህ ስም የከፈሉት 37 ቢሊዮን ዶላር እንደሆነ አስላለች። ይህ ገንዘብ ለነፋስና ለፀሐይ ብቻ የዋለ አይደለም፤ ከፍተኛው ክፍል ለኑክሌርና ለጋዝ ውሎች የዋለ ነው፤ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ግን ጥፋቱ ሁሉ በነፋስ ተርባይኖቹ ላይ ወደቀ። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቤት ያላቸው የገጠር ነዋሪዎች በክረምት የሚመጣባቸውን ሂሳብ መክፈል አቃታቸው። በ2017 ማክጊንቲን የተኩት የካትሊን ዊን መንግሥት የቤት ሂሳብን በ25 በመቶ የሚቀንስ ዕቅድ ሲያመጣ፣ ገንዘቡ የተገኘው በአብዛኛው በብድር ነው። የግዛቲቱ የፋይናንስ ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ29 ዓመት ውስጥ 45 ቢሊዮን ዶላር እንደሚወጣና ደንበኞች የሚቆጥቡት 24 ቢሊዮን እንደሚሆን ገመተ።

በሰኔ 2018 ምርጫ ሊበራሎች ወደ ሰባት ወንበር ወረዱ። ያሸነፉት የፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቮች መሪ ዳግ ፎርድ ሥልጣን እንደያዙ በጥር 2017 የጀመረውን፣ ከካሊፎርኒያና ከኩቤክ ጋር ከተሳሰረ ገና ስድስት ወር የሆነውን የካርቦን ገበያ ሠረዙ፤ 758 የታዳሽ ኃይል ውሎችን አፈረሱ፤ የአረንጓዴ ኃይል ሕጉም ተሻረ። የውሎቹ ማፍረሻ ወጪ 231 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ይህን ሁሉ ያደረገ መንግሥት በ2015 የወጣውን፣ ከሰል ዳግም ለኤሌክትሪክ እንዳይቃጠል የሚከለክለውን ሕግ አልነካም።

ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ናንቲኮክ ከ2018 ጀምሮ የጭስ ማውጫዎቹ ፈርሰው ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ ነው፤ ከሰልን የማስቆሙ ሥራ በሁለቱም ፓርቲዎች እጅ ስላለፈ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጥቅሙ ያለ ሂሳብ ሰነድ የሚደርስ ስለነበር ነው፦ ንጹሕ አየር ለገጠሬውም ለከተሜውም እኩል ነው። የታዳሽ ኃይል ውሎቹ ጥቅም ግን ለውል ባለቤቱ፣ ሸክሙ ለሁሉም ተከፋፈለ። ሀብታሙ ጣሪያው ላይ ፓነል ተክሎ 80 ሳንቲም ሲቀበል፣ ተከራዩ ልዩነቱን በቢሉ ይከፍል ነበር። የልቀት ቅነሳው ዓላማ ትክክል እንደነበር አልጠራጠርም፤ የተጫነበት ትከሻ ግን ተሳስቷል።

ጉዳዩ ግን አላለቀም። በ2017 ጋዝ ከግዛቲቱ ኤሌክትሪክ 4 በመቶ ያህል ብቻ ሲያመነጭ፣ የኑክሌር ማብለያዎች ለዕድሳት በየተራ ሲቆሙና ፍላጎት ሲያድግ ድርሻው በ2023 ከ10 በመቶ በላይ ሆኗል፤ ከኤሌክትሪክ የሚወጣው ልቀትም አብሮ ጨምሯል። ቶሮንቶን ጨምሮ ከ30 በላይ ከተሞች ጋዝ በ2030 እንዲዘጋ ሲጠይቁ፣ የግዛቲቱ የኃይል ሥርዓት አስተዳዳሪ በጥቅምት 2021 ይህ ከ27 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚጠይቅና የቤት ሂሳብን በ60 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ መልስ ሰጠ። በ2003 ስለ ከሰል ይባል የነበረው ክርክር ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ የጤናው ወጪ ተሰልቶ ከጎኑ ቀርቦ ነበር፤ አሁን ግን በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚነበበው የቢሉ ቁጥር ብቻ ነው። በናንቲኮክ አሮጌ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ሁለት የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች ባለድርሻ የሆኑበት 44 ሜጋዋት የፀሐይ ጣቢያ ከ2019 ጀምሮ ኃይል ያመነጫል፤ ጋዝን የሚዘጋበትን ቀን የጻፈ የግዛቲቱ ደንብ ግን የለም።